የተጠመዘዘ አንገት

ፈንግል የያዛት ዶሮ እህል ልትለቅም ስትታገል ማየት አንጀት ይበላል። አንገቷ ተጠምዝዞ ወደ ጀርባዋ ይዞራል። ገብሷን ታያታለች፤ ልትለቅማት ስትሰነዝር ግን መንቁሯ አጠገቧ ያለውን አፈር ይመታል። ትደግማለች፤ ትስታለች። ክንፏን ጥላ ባለችበት ትሽከረከራለች፤ የሚወጣት ቅዘን አረንጓዴ ነው። በሽታው ሆድ ዕቃዋንም ነርቯንም አንድ ላይ ይዟል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አማኑኤልም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ፣ ዶሮ ላረባች ሴት ይህን መግለጽ አያስፈልግም። ክረምት ሲቃረብ ወሬው ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ማታ በደኅና ቆጥ ላይ የወጡት ጠዋት ወድቀው ይገኛሉ። ያልተከተቡ ዶሮዎች መሀል ከገባ አንዲት እንኳ የማያስተርፍበት ጊዜ አለ።

በሬ የሞተበትን ሰው ጎረቤት መጥቶ “እግዜር ይተካ” ይለዋል። ዶሮዎቿ ላለቁባት ሴት የሚመጣ የለም። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ዶሮ በብዙ ቤት ሴቲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዝባት ሀብት ናት። እንቁላሏ የልጅ ደብተር ነው፤ ጨውና ዘይት ነው፤ ለበዓል ደግሞ ራሷ ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች። ስድስት ዶሮ በአንድ ሳምንት ሲያልቅ የተራቆተው ጓሮው ብቻ አይደለም፤ እሷ ግን ላባውን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ፈንግል የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1926 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር ኒውካስል አካባቢ ተለይቶ ታወቀ፤ ዓለምም በዚያች ከተማ ስም ይጠራዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካሊፎርኒያን ያመሰው ወረርሽኝ ደግሞ መነሻው ለቤት ማድመቂያ ከውጭ የገቡ በቀቀኖች ነበሩ፤ እሱን ለማጥፋት 12 ሚሊዮን ገደማ ወፎች ተገድለዋል።

በቀቀኖች የራሳቸው የሆነ ሌላ ክፉ በሽታም አለባቸው። የጨጓራቸውን ነርቭ ይገድልና የበሉት ፍሬ ሳይፈጭ እንዳለ ይወጣል፤ እየበሉ ይመነምናሉ፤ ይንገዳገዳሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ። መንስኤው ቫይረስ የተገኘው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤቶቻቸው ራጅ ያስነሷቸዋል፤ ለወራት ያስታምሟቸዋል። አንዲትን ወፍ እንዲህ ማስታመም ደግ ነገር ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ያ ሁሉ ገንዘብና ፍቅር ላለው በቀቀን ግን እስካሁን ለአገልግሎት የዋለ ክትባት የለም። የአማኑኤሏ ዶሮ ክትባት አላት፤ ያውም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ከያዛት በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ከመያዟ በፊት ግን ዐይኗ ውስጥ የምትጨመር፣ በየጥቂት ወሩ የምትደገም አንዲት ጠብታ ትበቃታለች።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀት የሚችል ዓይነትም አለው። ታዲያ ለምን አይደርሳትም? አንዱ ምክንያት ብልቃጡ ነው። የተዘጋጀው ለብዙ ዶሮ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠም አያድርም። አራት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋል። ስለዚህ ይህች ጠብታ ጎረቤት ካልተጠራራ የማትገኝ ናት። ለማኅበርና ለዕቁብ የማይቸገር መንደር ለዚህ መሰባሰብ እንዴት እንደሚያቅተው አይገባኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። ዶሮዋ ስትደበት ያየች እናት ሳትሞትባት ልትሸጣት ወደ ገበያ ትሮጣለች። አልፈርድባትም፤ ያላት እሷው ናት። ነገር ግን በሽታው ከቀበሌ ቀበሌ የሚሻገረው በዚያች ዶሮ ነው። በርካሽ አገኘሁ ብላ የገዛችው ሴት ይዛት ትገባና የራሷን ሁሉ ታጣለች።

እህቶቼ፣ የደበተችን ዶሮ ገበያ አታውጡ። የሞተችውን ለውሻ አትጣሏት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሯት። አዲስ የገዛችኋትን ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ። ግንቦት ሳይገባም ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ዶሮዎቻችሁን ቆጥራችሁ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሩ።