ዝናቡ አንድ፣ መሬቱ ሦስት



የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ካስቀረ በኋላ የሙስሊሙ ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። ማተሚያ ቤቱ ከፒያሳ ቁልቁል ወርዶ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ አራት ኪሎ ያለው ብርሃንና ሰላም ነበር። እሱ ግን ከ1914 ጀምሮ ነበረ። ብዕር የጨበጠ ሙስሊምም ከዚያ በፊት አልጠፋም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘውት የመጡትን ዕውቀት በዝናብ መስለውታል። አንዱ መሬት ውሃውን መጥጦ ያበቅላል። ሌላው ባያበቅልም ውሃውን ይዞ ሰውና ከብት ያጠጣል። ሦስተኛው አይዝም፣ አያበቅልም። ሐዲሱ የተነገረው ስለ ዲን ዕውቀት መሆኑ አይዘነጋም፤ ሆኖም ሐሳብ አፍላቂዎቻችንን እንዴት እንደያዝናቸው ስናስብ ወደ አእምሮ ይመጣል።

የሐረርጌውን ዓሊም ሸኽ በክሪ ሳጳሎን እንውሰድ። ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል። የዐረብኛው ፊደል ሦስት አናባቢ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የግዕዙም ርዝመትን አያሳይም። ሸኹ እ.ኤ.አ. በ1956 ራሱን የቻለ ፊደል ቀረጹ። የፊደሎቹን ቅርጽ ከማንም አልቀዱም፣ የቋንቋውን ድምፅ አዳምጠው ነው። የአካባቢው ሰው በደስታ ተቀብሎ ይጽፍበት ጀመር። መንግሥት ግን በፊደሉ ውስጥ ዕውቀትን ሳይሆን አመፅን አየ፤ ከለከለው። ሸኹም ድሬዳዋ በግዞት ተቀመጡ፤ በደርግ ዘመን ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1980 ሶማሊያ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። መሬቱ ሲለማ ዘሪው አልነበሩም፤ ዘሩም ሌላ ሆነ።

በዚያው በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር እጃቸው የገባ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ፊደሉም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ ገባ። እነሱ ከሸኹ በአእምሮ ይበልጡ ነበርን? በፍጹም! «ማን ፈቀደልህ?» የሚላቸው አልነበረም እንጂ።

ወንድሞችና እህቶች፣ መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው። በየመድረሳችን አንድ ደረሳ ያልተለመደ ነገር ይዞ ሲመጣ «እስቲ አሳየን» የሚለው ኡስታዝ ስንት ነው?

የሸኹ ፊደል ከነጭራሹ ያልጠፋው እሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች ጽሑፎቹን ስላቆዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የለንደን የጥናት መጽሔት ስለ ፊደሉ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው መሬት ማለት እነዚህ ናቸው።