ስም ሳይወጣለት የተሸጠ ዓሣ



እዚህ አሊዩ አምባ፣ ዘንጋዳን ከሌላው ማሽላ የማይለይ ገበሬ የለም። ለከተማ ሰው ግን ሁሉም ማሽላ ነው። ከዓይነቶቹ የአንዱ ዘር ቢጠፋ የሚያዝነው ለይቶ የሚያውቀው ብቻ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ የማልዲቭስ ዓሣ ነው። በደሴቶቹ ዙሪያ፣ ከ40 እስከ 70 ሜትር ጥልቀት ባለ የኮራል ሪፍ ላይ ይኖራል፤ መልኩ ሮዝ ነው። በ1990ዎቹ ተይዞ ሳለ የሌላ ዓሣ ጎልማሳ ነው ተብሎ ታለፈ። በ2022 እ.ኤ.አ. የአገሩ ልጅ አሕመድ ነጂብ ያለበት ቡድን ቅርፊቱን ቆጥሮ፣ ዘረመሉን መርምሮ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አሳየ። ስሙንም ፊኒፌንማ አሉት፤ በአገሩ ቋንቋ ጽጌረዳ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ለጌጥ ዓሣ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። ስም ሳይኖረው ዋጋ ነበረው!

የእኛ ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ታሪኩ ግን ይመሳሰላል። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ባርበስ ከሚባሉት ትላልቅ ዓሦች ብዙ ዓይነት መዝግቦ ነበር። በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ ጭንቅላታቸውንና የሚበሉትን ለክተው 15 ዝርያ ለዩ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው፤ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! ሱብሓነላህ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ጉማራን ወደመሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡም የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። በዚያው ዘመን ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ሁሉንም አንድ ዓሣ ብለን ብንቆጥር ኖሮ፣ አንዱ ዝርያ ቢያልቅ እንኳ መረቡ እስካልጎደለ ድረስ ማን ያውቅ ነበር?

አንድ ወንድም «ለዓሣው ስም ምን ይጨምርለታል?» አለኝ። ለዓሣው ምንም። ፈጣሪው ያውቀዋል፤ የእኛን መዝገብ አልጠበቀም። ስሙ የሚይዘው እኛን ነው። ከተሰየመ በኋላ «አላወቅሁም» ማለት አይቻልም። አባታችን አደም ስሞችን መማሩን ስናስተምር ክብሩን እናነሳለን፤ እኔ ግን ከክብሩ ጋር አማናውም ይታየኛል።

ታዲያ አማናው በማን ጫንቃ ላይ ነው? በአጥማጁ ብቻ መጣሉ ግፍ ይመስለኛል። ክረምት ላይ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የሌለው ሰው መረቡን ያንሳ ማለት ቀላል ነው። ዓሣውን በሆቴል ጠረጴዛ ላይ ያዘዝነው እኛ ነን፤ ዓይነቱንም ጠይቀን አናውቅም። መረቡ ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከወንዙ አፍ እንዲነሳ ከፈለግን፣ የሳምንታቱን እንጀራ ከአጥማጁ ጋር መካፈል አለብን።