ማን ነው የወደቀው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። ይህ ሲሰማ ከብዙው ሰው አፍ የወጣው ቃል «ተማሪዎቹ ወደቁ» የሚል ነው። በአማርኛችን ተማሪ ይወድቃል፤ ትምህርት ቤት ወደቀ ሲባል ግን እምብዛም አይሰማም።

ፈተናው መጥበቁ በራሱ ስህተት አልነበረም። ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑት ኩረጃና የፈተና ስርቆት ሥር ሰድዶ ስለነበር ነው። ኩረጃ ደግሞ ተጎጂ የሌለው ጥፋት አይደለም። መልስ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውን፣ በኩራዝ ያጠናውን ልጅ ቦታ ይነጥቃል። ስለዚህ እውነቱ መውጣት ነበረበት።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ዕዳውን ማን ይክፈል? አንድ ልጅ ሲያቅተው ስንፍና ሊባል ይችላል። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ሲያቅታቸው ግን የተመዘነው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማራቸው ሥርዓት ነው። ቤተ ሙከራ ሳታይ ኬሚስትሪ የተማረች፣ መምህሯም በማይደፍረው እንግሊዝኛ ፊዚክስ የተነገራት የገጠር ልጅ፣ ሁሉ ከተሟላለት የከተማ ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጣታል። አንድ ዓይነት ፈተና እኩል ዕድል ማለት አይደለም። እሷን ጥሎ ሥርዓቱን ማሳለፍ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው።

ከ100 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት መሰጠቱ መልካም ነበር። የቀሩት ግን እጅግ ይበዛሉ። በውጭ የሚኖር ዘመድ አቅሙ ከፈቀደ ገንዘብ ልኮ የእህቱን ልጅ ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛውራል። ለቤተሰቡ ነውና አይወቀስም። ሆኖም አቤት ማለት የሚችል ወላጅ ልጁን ባወጣ ቁጥር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀሩት የሚናገርላቸው ያጡ ልጆች ይሆናሉ።

እውነትን የተናገረ ሰው ግዴታም አብሮ ይወድቅበታል። ሐኪም በሽታውን ከነገረ በኋላ በሽተኛውን «ለምን ታመምክ» ብሎ ከደጅ አይመልሰውም። ከተማሪው ውጤት ጎን የትምህርት ቤቱ፣ የወረዳውና የሚኒስቴሩ ውጤት በየዓመቱ ቢለጠፍ፣ «ወደቀ» የሚለው ቃል እውነተኛ ባለቤቱን ባገኘ ነበር።