ማክሰኞ የተፈጠረው መርዝ

በመካነ ሰላም ዙሪያም ሆነ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱት የወሎ ቦረና ተዳፋቶች ቁልቋልን የማያውቅ ሰው አይገኝም። በቁሙ አጥር ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ለቤት ሥራም ለማገዶም ይውላል። እርጥቡን ግንድ ግን በምሳር የመታው ሰው ነጭ ወተት ይረጭበታል። ወተቱ ቆዳ ይለበልባል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳብጣል፣ ለቀናት ብርሃን ይጋርዳል፣ ቶሎ ካልታጠበና ካልታከመ የማይሽር ጉዳት ሊተው ይችላል። ለእንጨት ፈላጩ ነገሩ የሥራ ጥንቃቄ ነው፤ ግንዱ ደርቆ ወተቱ እስኪነጥፍ ይጠብቃል፣ ሲፈልጥም ፊቱን ዘወር ያደርጋል። ለሚያምን ሰው ግን ከዚያ ያለፈ ጥያቄ አለበት። ቸር የሆነ ፈጣሪ ለድሃ ምድጃ በሚሆን እንጨት ውስጥ ዓይን የሚያጠፋ ወተት ለምን አኖረ?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሥነ ፍጥረት ትምህርት በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕትና በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት ሁሉ የተፈጠሩት ማክሰኞ ነው። ሰው ገና አልተፈጠረም፤ ኃጢአትም የለም። ስለዚህ ብዙዎች መርዙን ከውድቀት በኋላ ከመጣው እሾህና አሜከላ ጋር ይደምሩታል፤ ቅጣት ነው ይላሉ። ይህ መልስ አያረካኝም። የቁልቋል ወተት ለዛፉ ሥራ ይሠራለታል፤ ከብት አይቀጥፈውም። ገበሬው ለአጥር የመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሳውን ከከብት የሚጠብቀው ራሱ ዓይን የሚያቃጥለው ወተት ነው፤ ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ጥቅም ከየት አመጣው? ሳማም እጅን ይለበልባል፤ ሲቀቀል ግን የደጋ ሰው በክፉ ቀን የበላው ምግብ ነው። ኮሶ በልኩ የሆድ ትል ያስወጣል፣ ልኩን ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል። በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ የእንዶዱ መርዝ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መግቻ ሆኖ ተገኘ። አክሊሉ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበለው በዚሁ ሥራ ነው። የወሎ መስጊዶችም አላህ ሰማይንና ምድርን በከንቱ እንዳልፈጠረ ያስተምራሉ። እኔ እንደማየው መርዙ የማክሰኞ ፍጥረት ነው፤ ክፋት የሚሆነው ልክና አያያዝ ሲጠፋ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። ወተት ዓይኑ ላይ ለተረጨበት ሕፃን ዛፉ በወተቱ መጠበቁ ምን ያጽናናዋል? ምንም። የንጹሐንን ሥቃይ በዚህ ክርክር ፈታሁት የሚል ሰው ሕፃኑን አላየም። ሆኖም ጉዳቱ በየት በኩል እንደሚደርስ ማየት ይገባል፤ ሳይደርቅ ከተፈለጠ ግንድ፣ ከሌላ እንጨት ጋር ተደባልቆ ከተሸጠ ሸክም፣ ምን እንደያዘች ሳታውቅ ከምትማግድ እናት። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው ለገባበት በሬ ይከፍላል። ሕጉ ምድር ለምን ጠለቀች ብሎ አይጠይቅም፤ ሳይከድን የሄደውን ይጠይቃል። በእስልምናም የሸቀጡን ጉድለት ደብቆ መሸጥ የተከለከለ ነው። በሰሜን አሜሪካ በግንድ ላይ የሚጠመጠም መርዛማ ሐረግ አለ፤ ቅባቱ ሐረጉ ከሞተ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆዳ ያቆስላል፣ ሲነድ ደግሞ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። እዚያም ቢሆን ሐረጉን አይቶ ዝም ብሎ ፍልጡን ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው በዛፉ ማመካኘት አይችልም።

ይህ ፍርድ በድሃ ላይ ይከብዳል የሚል ይኖራል። ትልቅ እውነት አለው። ከሩቅ ሸክም ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ሴት ባሕር ዛፍ ቢኖራት ቁልቋል ባልነካች። ግን ኃላፊነት በእውቀትና በአቅም ይለካል። ከእርሷ የሚጠበቀው አንድ ቃል መናገር ነው፤ ቃሉ ገንዘብ አያስወጣም። ከግብርና ባለሙያው፣ ከመምህሩ፣ ከቄሱና ከሼኩ የሚጠበቀው ከዚያ ይበልጣል፤ ብዙ ጆሮ የሚሰማቸው እነርሱ ናቸውና። ማገዶ አሳጥቶ ድሃዋን እርጥብ ቁልቋል ያስቆረጣት አስተዳደር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠየቃል።

እንጨት የምትሸጡ ሆይ፣ በሸክማችሁ ውስጥ ቁልቋል ካለ ለገዢዋ ንገሯት፤ ያልደረቀውንም አትፍለጡ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሰውየውን ጤና ጣቢያ አድርሱት።