ተከራይ ነኝ አትበሉኝ

ልጆቼ፣ የዛሬው ነገሬ ከቁጣ የተነሣ ነው፤ ለስላሳ ቃል አትጠብቁ። ባለፈው ፍልሰታ በሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። በሟች ግቢ ከጓሮው ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ የሚኖር ጎረምሳ ቦርሳውን አንግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በድንኳኑ ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣና ሄደ። እግዜር ያጽናችሁ የለም። ጎንበስ ያለውም ለገመዱ እንጂ ለሐዘንተኛው አልነበረም። ማታ ሲመለስ ጠብቄ «ምነው ልጄ?» ብለው፣ «አባባ፣ እኔ እኮ ተከራይ ነኝ» አለኝ። በክፋት ቢለው ይሻለኝ ነበር። በቅንነት ነው ያለው፤ እውነትም የማይመለከተው መስሎታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ይህችን ቃል ትለቅማለች። የመንደር ጽዳት ሲጠራ ተከራይ ነኝ። ሌሊት ሌባ ተብሎ ሲጮህ ተከራይ ነኝ። የጎረቤት ልጅ ቧንቧ ከፍቶ ሄዶ ውሃ ሲፈስ መዝጋቱ እንኳ የባለቤቱ ሥራ ሆኗል። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ደብረ ታቦር ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚያድርባት ከተማ ናት፤ መምህሩ፣ ነርሱ፣ የባንክ ሠራተኛው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ይገባል። የእኛም ልጆች ከእብናት፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከጋይንት ተነሥተው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይገባሉ። እዚህ የማየው ጉድ እዚያም እንዳለ የሄዱት ራሳቸው ይነግሩኛል።

ስለ ቤት ፍለጋው ብዙ አልልም፤ ይህን ያህል ግን ስሙኝ። በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ ለማታውቁት ደላላ ቀብድ አትላኩ። መጀመሪያ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩ፤ የሚያሳድራችሁ ከሌለም ርካሽ አልጋ ያዙና ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩት። ቤቱን ዝናብ በጣለ ማግስት እዩት። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የመሰለ ቢጫ ክብ ካለ ጣራው ያፈሳል፣ ባለቤቱ ምንም ቢምል አትመኑት። ግድግዳውን በመዳፋችሁ ዳስሱ። ከተማችን ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፣ ከጀርባዋም ጉና አለ፤ በወጉ የተመረገ ጭቃ ቤት ሌሊቱን ያሞቃችኋል፣ ያልተለሰነ ብሎኬት ግን ቁሩን እንዳለ ያስገባዋል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በምን እንደሚከፈል፣ የግቢው በርም ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሳትጨርሱ ዕቃ አታስገቡ።

ውልም በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ደንግጓል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ፣ ያላችሁበት ከተማ ገብቶበት እንደሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ከሰጠ በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ የሚያለቅስ ስንት አለ!

ቤት ማግኘት ግን የመጀመሪያው ነገር ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ቁልፉን የተቀበለ ሁሉ የገባ ይመስለዋል።

እኔ ከጣራ ገዳም ሥር የተወለድኩ ነኝ። ደብረ ታቦር የመጣሁት በልጅነቴ፣ ለተክሌ አቋቋም ነው። አለቃ ገብረ ሐና ያወጡትን ዝማሜ ልጃቸው ተክሌ ያስተማረው እዚህ ነውና፣ ቅኔ ማሕሌት የሚወድ ልጅ ሁሉ ከየአገሩ ወደዚህ ይጎርፍ ነበር። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቼ ስደርስ ነባሮቹ ተማሪዎች ከጎጇቸው በር በኩል ቦታ ለቀቁልኝ። በር በኩል ማለት ብርዱ ያለበት ማለት ነው፤ የአዲስ ገቢ ወጉ ነው። በማግስቱ ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት ለቀምኩ፣ የኔታ ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩ። ከዚያ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ መቆም ነው። ሳምንት ሳይሞላ የማን ቤት ውሻ ክፉ እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ የትኛዋ እናት ለራሷ ሳይተርፋት ቁራሽ እንደምትሰጥ አወቅሁ። ሰው ሲሞት በፍትሐቱ እንቆማለን፣ ሠርግ ሲሆንም ጠላው ይደርሰናል። አንድ ጣት መሬት አልነበረኝም፣ ግን እንግዳ መሆኔን ያስታወሰኝ ሰው አላጋጠመኝም።

አድጌ አዲስ አበባ ስገባ ሌላ ወግ ጠበቀኝ። የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር ያልበለጠውን ለቀበሌ አስረክቦ ነበር። ግለሰብ ቤት ማከራየት ስለተከለከለ ለእንደኔ ያለው ደመወዝተኛ የቀረለት ደባልነት ነበር። ጉለሌ አንዲት ባልቴት በቀበሌ ቤታቸው መሐል መጋረጃ ጋርደው ከወዲያ ማዶ አስገቡኝ። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ሲጸልዩ እሰማለሁ፤ እኔም ሳንኮራፋ ይሰማሉ መሰለኝ። በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጄን ይዘው እድር ወሰዱኝ። ዳኛው «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ባልቴቷ «ከቤቴ ያድራል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አሏቸው። ተጻፍኩ። ተስቦ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ የማላውቃቸው ሰዎች በተራ እየመጡ አስታመሙኝ፤ አንዱ አናጢ ነበር፣ ሥራውን ትቶ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቤ ተቀምጦ አደረ። እሳቸው ሲያርፉም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ በድንኳን ገመድ ሥር ሲያልፍ ዝም በል ትሉኛላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «አባባ፣ በየዓመቱ ኪራይ እየጨመሩ ያስወጡናል፤ ነገ ለምለቀው ሰፈር ምን አደከመኝ?» ትላላችሁ። ጭማሪውስ እውነት ነው። እኛ ባለቤቶቹ ዩኒቨርሲቲ መጣ ብለን የበግ ጋጣ የነበረውን ሲሚንቶ ቀብተን ያከራየን ሰዎች ነን፤ እግዚአብሔር ይመልከተን። ግን አባታችን አብርሃምስ? ከአገሩ ወጥቶ በድንኳን የኖረ ሰው ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ቤርሳቤህ ሲል የኖረ ሰው እንግዳ ሲያይ ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ ተቀበለ እንጂ ነገ እለቃለሁ አላለም። በዚያች ምድር ገዝቶ የያዛትም መጀመሪያ የሣራ መቃብር ናት። ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ፣ በፊታቸው ተነሥቶ ሰግዶ ነው የገዛት። ሐዘን በመጣበት ቀን የሚያውቃቸውና የሚያውቁት ሰዎች ነበሩታ!

ከከተማችን ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አጼ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ሠራተኞች እዚያ አስፍረው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሯቸው። ከመካከላቸው ዋልድማየር የተባለው አማርኛ ተማረ፣ የንጉሡን እንግሊዛዊ ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አገባ፣ ጎጆ ቀልሶ ልጅ ወለደ። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የመጣ ፈረንጅ፣ ንጉሡ በተቆጡ ቀን አንገቱን ሊያጣ የሚችል ሰው፣ የሰፈረበትን አገር አገሬ ብሎ ለመኖር ሞከረ። አንተ ከደሴ ወይም ከሐዋሳ መጥተህ «የሰፈሩን ሰው አላውቅም» ስትለኝ ምን ልበል?

ደግሞ እድሩ ለሟች ብቻ አይደለም፣ ለራሳችሁ ነው። በእኛው መንደር ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጧት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች፣ በሯን ትዘጋለች። በእኛ ወግ መርዶ ሲነገር ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ተሰብስበው፣ ልብ የሚይዝ ሰው ከአጠገቡ አስቀምጠው ነው። ለእሷ ግን የአባቷን ሞት የነገራት ስልክ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ብቻዋን። ጩኸቱን ሰምተን በሩን ገፍተን ገባን። ሴቶቹ ይዘዋታል፣ ደረቷን ስትመታ እጇን ይይዛሉ፤ ስሟን ጠርቶ የሚያባብላት ግን ጠፋ። ስሟን የሚያውቅ አልነበረማ! «እቴ፣ እቴ» እያልን ነው አብረን ያለቀስነው። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ዓመት ሙሉ በደጃችን ስታልፍ ቡና ጠጪ ያላላት መንደርም ይጠየቅበታል። ግን ልጆቼ፣ አዲስ የገባው ነው መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» የሚለው፤ እንዲህ ነው ያደግነው።

ስለዚህ በገባችሁ በሳምንቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ደጅ አንኳኩና «እንዲህ እባላለሁ፣ ከእንዲህ ያለ አገር ነኝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ነው የምሠራው» በሉ። ቡና ሲሏችሁ ቸኩያለሁ አትበሉ፤ ቢቻል እስከ ሦስተኛው ተቀመጡ። የእድሩን ጸሐፊ ፈልጉና ተመዝገቡ፤ የኛ እድር ቤት አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ሌላውም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጥታችሁ የሰፈሩን መታወቂያ አውጡ። የንስሐ አባታችሁ በሩቅ ከቀሩ ቡራኬያቸውን ተቀብላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ደብር ሌላ አባት ያዙ። ሰንበትን አልጋ ላይ አታሳልፉት።

ለእናንተም ባለቤቶች አንድ ቃል አለኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በር ቆልፎ የሌሊት ተረኛ ነርስ ዝናብ ላይ የሚያቆም ሰው እሑድ እሑድ ከእኔ ፊት ቆሞ ማስቀደሱ ይገርመኛል። ቁልፍ አስቀርጹለት፤ ቁልፍ ማስቀረጽ ማንንም አላደኸየም።

ስትለቁም እንደ ሰው ልቀቁ። ማታ ባጃጅ ጠርቶ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ለማንም ሳይናገሩ መሄድ የሌባ አወጣጥ ነው። የመብራቱንና የውሃውን ሒሳብ ዝጉ፣ የጀመራችሁትን የእድር ወር ክፈሉ፣ ክፍሉን ጥረጉ፣ ጎረቤቶቻችሁን በየደጁ ዞራችሁ ተሰናበቱ። ቁልፉንም በእጅ ስጡ። አምና አንዱ ተከራዬ በአጥር ላይ ወርውሬልዎታለሁ ብሎ ከባሕር ዳር ደወለልኝ፤ ጎመኑን ነቅዬ ጨርሻለሁ፣ እስካሁን አላገኘሁትም።