ልጁን ማን ይመዝነው?

«ልጅዎ ትምህርት አይገባውም፤ ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።» በቂርቆስና በካዛንቺስ ይህን ቃል ከትምህርት ቤት ይዘው የተመለሱ ወላጆች ያጋጥሙናል። ተናጋሪው መምህር ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የደከመ ሰው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወላጁ «ከትምህርት ቤቱ ጋር ጥቅም የሌለው ሌላ ባለሙያ ይመርምርልኝ» ቢል መምህሩን በክፉ መጠርጠሩ ነውን? ወይስ አላህ የጣለበትን አማና መወጣቱ?

መምህርን ማክበር መልካም አደብ ነው። ሱረቱል ሑጁራትም በ12ኛው አንቀጽ ከጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል። ይሁን እንጂ ይኸው ሱራ በ6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዛል። «አንቀጹ የሚናገረው ስለ ፋሲቅ ወሬ ነው፤ መምህሩ ፋሲቅ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ግን አንቀጹ የማጣራቱን ምክንያት ራሱ ይገልጻል፤ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ይህ አደጋ በቅን ሰው ስሕተትም ውስጥ አለ። ክፉ ጥርጣሬ ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው፤ ማጣራት ግን ማስረጃ እስኪገኝ ፍርድን ማቆየት ነው። እንግዲያው ሳይመረመር «ደደብ» የተባለው ልጅ ነው በጥርጣሬ የተበደለው።

ዲናችን ለብድር ገንዘብ ጽሑፍና ምስክሮች እንዲኖሩ አዟል (አል-በቀራህ 282)። ባልና ሚስት ሲጣሉም ከእርሱ ወገን አንድ፣ ከእርሷ ወገን አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ አዟል (አን-ኒሳእ 35)። ለገንዘብና ለትዳር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ለአንድ ልጅ ዕድሜ ልክ የአንድ ሰው ቃል እንዴት ይበቃል?

ስሕተቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጆሮው የደከመ ልጅ ትእዛዝ የማይገባው ይመስላል። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሰሌዳውን ስለማያይ ሰነፍ ይባላል። በቤቱ ስልጢኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ሕፃን በአማርኛ ተፈትኖ ሲወድቅ የተመዘነው ቋንቋው ይሁን አእምሮው አይለይም። በካሊፎርኒያ በ1970 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የቀረበው የዲያና ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኞች ክፍል ገብተው ነበር።

አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የትምህርት መብት በሕግ ደነገገች። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ደንብ፣ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ምርመራ ካልተስማማ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ምርመራ መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምርመራው ትክክል እንደነበር በችሎት ያስረዳል። መርማሪው የትምህርት ቤቱ ተቀጣሪ መሆን አይችልም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በተነሣ ክርክር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. የማስረዳቱን ሸክም በከሳሹ ወላጅ ላይ ጣለ። ያን ጊዜም ወላጁ ባዶ እጁን እንዳይቆም የሚያግዘው ይህ ገለልተኛ ምርመራ መሆኑን ገልጿል።

በእኛስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች አቅሙ በፈቀደ እንዲረዳ ያዛል። ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል። የድሃ ልጅ ምርመራ ክፍያ በአንድ ቢሮ ሲሸፈን ግን አላየሁም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የመሠረቱት የራሳቸውን ልጅ ችግር ይዘው ነው። አንዲት እናት ጀመረች እንጂ መንገዱ ተዘርግቶ አልጠበቃትም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወር ደግሞ የልጁ ጉዳይ በመምህሩ ቃል ብቻ የቀረ ወላጅ በአዲሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይጀምራል። የተጻፈ ምርመራ የያዘ ግን ቢያንስ የሚያሳየው አለው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለራሳችን እንንገር። ወላጅም ገለልተኛ ዳኛ አይደለም፤ ፍቅር ዓይን ይጋርዳል። የምንፈልገውን እስኪነግረን ድረስ ከባለሙያ ወደ ባለሙያ መዞር ማጣራት ሳይሆን ፍርድ መግዛት ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ135ኛው አንቀጽ በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ያዛል። ስለዚህ ገለልተኛ ምርመራ የሚጠይቅ ሰው «መምህሩ ልክ ነበር» የሚለውን መልስም ለመቀበል መዘጋጀት አለበት።

መልሱ ያ ቢሆን ልጁ ይዋረዳልን? ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) በሱረቱ ዐበሰ ምክንያት ይታወሳሉ፤ ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን በአደራ የተዉባቸው ጊዜ አለ። አንድን ጉድለት መመዘን ሰውን ሁሉ መመዘን አይደለም። ምርመራ የልጁን ዋጋ አይወስንም፤ የሚያስፈልገውን እርዳታ ብቻ ያመለክታል።

ወላጆች ሆይ! የተባላችሁትን በጽሑፍ ጠይቁ። በምን ፈተና፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተመዘነ ጠይቁ። አስቀድማችሁ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ። የመስጂድ ኮሚቴዎችና ባለሀብቶቻችን ደግሞ ለአንድ ድሃ ልጅ ምርመራ የሚሰጡት ሶደቃ፣ ልጁ ከክፍል ወጥቶ ቤት እንዳይዘጋበት የሚያደርግ መሆኑን ይወቁ። ወላሁ አዕለም።