ውፍረት የጠባይ መለኪያ ነውን?

እኔና የ15 ዓመት ታናሽ እኅቴ ያደግነው ከአንድ ትሪ እየበላን ነው። እናታችን የማን ድርሻ ይኼ ነው ብላ ለይታ አታውቅም፤ እንዲያውም ጉርሻው የሚበዛው ወደ እኔ ነበር፤ ወንድ ልጅ ነዋ! ሆኖም እኔ ቀጭን፣ እርሷ ወፍራም ሆንን። ባለፈው ፋሲካ ዘመድ በተሰበሰበበት «ለእርሷ ሌላ ትሪ ጨምሩላት» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ ባለሁበት ማዕድ አትቀርብም፤ «በልቻለሁ» ትላለች።

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች! ወፍራም ልጅ ስናይ ሆዳም ነው፣ ሰነፍ ነው ብለን የምንፈርደው በምን ማስረጃ ነው? አልበርት ስተንካርድ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ አገር በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎችን አጥንተው፣ ውጤቱን በ1986 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የሰዎቹ ክብደት ከወለዷቸው ወላጆች ክብደት ጋር ሲዛመድ፣ ካሳደጓቸው ጋር ግን ዝምድና አልተገኘበትም። ይኸውም የአንድ ትሪያችንን ምሥጢር በመጠኑ ይፈታዋል። የእኅቴ ሰውነት ቁርጥ የአያታችን ነው። አያታችንን ግን ማንም ሰነፍ ብሏት አያውቅም፤ «ደልደል ያለች ሴት» ነበር የምትባለው።

«ታዲያ ሁሉ በዘር ተወስኗል ማለትህ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ዘር የሚያወርሰው ዝንባሌን ነው፤ የቤቱ ምግብና የወላጅ ኪስ ይጨምሩበታል፣ ይቀንሱበታልም። ይሁን እንጂ የ15 ዓመት ልጅ ከእነዚህ የትኛውን መረጠች?

የአመለካከትም ነገር አለ። በፊጂ ደሴቶች ሞላ ያለ ሰውነት የሚመሰገን ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን በገባበት አንድ አውራጃ አን ቤከር የተባሉ ተመራማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ፤ ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ሲመለሱ ከተጠየቁት መካከል 11 ከመቶ ያህሉ ይህን ያደርጉ ነበር። ያ ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥንም አላስፈለገም፤ የእኔ ምላስ በቃ።

ከሁሉ የሚገርመኝ በቅጥነቴ መመስገኔ ነው። «ራሱን የገዛ ልጅ» ይሉኛል። ለቅጥነቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ደክሜ አላውቅም፤ ምስጋናውን ዝም ብዬ ስቀበል ኖሬአለሁ።

እናታችን ልጅቱ ለምን ከማዕድ እንደራቀች ትናንት ጠየቀችኝ። «እንጃ» አልኳት።